ስኪ ማለት ፍልጥ ነው

ስኪ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር እግር ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ የሚኬድበት ስፖርት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። የሚያናድደኝ የስፖርት ዜና አንባቢዎቻችን ነገር ነው። ስኪውንም፣ በስለታም ጫማ የሚደረገውንም፣ ሸርተቴ ላይ ተጋድሞ መውረዱንም «የበረዶ ላይ መንሸራተት» ብለው አንድ ጆንያ ውስጥ ይከቱታል። አድማጩም «ታዲያ በረዶ ለሌለው አገር ስኪ ምን ሊረባው!» ብሎ ሬዲዮኑን ይዘጋል።

ቃሉ ግን በረዶን አያውቀውም። በጥንቱ የኖርዌይ ቋንቋ ትርጉሙ የተሰነጠቀ እንጨት ነበር፤ ደባርቅ ገበያ ለማገዶ የሚሸጠው ፍልጥ ማለት ነው። ኖርዌዮች አሁንም የማገዶ ፍልጥን በዚሁ ስም ይጠሩታል፣ አጠራራቸውም ወደ «ሺ» ይጠጋል። የፈለጡትን አለዝበው፣ ጫፉን ቀና አድርገው እግራቸው ላይ ያስሩት ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ዲገርቫርደን ተራራ ላይ የበረዶው ግግር ሲሸሽ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ስኪ፣ በ2021 ደግሞ ጓደኛው ተገኘ። የ1,300 ዓመት ዕድሜ ያለው ጥንድ ስኪ ነው፤ ያው እንጨት።

ሮቤል ተክለማርያምን የምወደውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ 83ኛ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ቫንኮቨር ላይም ተሰለፈ። አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልቱ ላይ ይለማመድ ነበር፤ በረዶ አልጠበቀም።

«በረዶ የለንም» የሚለውም ቢሆን ስሜንን መርሳት ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ አለ ይላል። ጀምስ ብሩስ በኋላ መጥቶ «አላየሁም» አለ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሄንሪ ሳልት በዓይኑ አይቶ፣ ብሩስ እንዴት እንዳመለጠው ገረመው።

እኔም እዚያው ስሜን፣ ጨነቅ ሰፈር፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ጋቢውን የተከናነበውን ስካውት ጠየቅሁት። ሸራ ጫማዬን አየት አድርጎ፣

«ይጥላል እንጂ ጋሼ» አለኝ። «ሌሊት ነው የሚጥለው። ራስ ደጀን ጫፍ ነጭ ሆኖ ያድራል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ረፋድ ላይ አያገኙትም። ምን ሊያደርግልዎ ፈልገው ነው?»

ስኪውን ነገርኩት።

«በእንጨት?» አለ። «እንግዲያ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው።»