ወላጅ ወደ ለይቶ ማከሚያ ክፍል ሲገባ፦ የመከላከያ አልባሳት አጠቃቀምና የአጥቢያው ድርሻ

የታመመን መጠየቅ ቤተ ክርስቲያናችን ዘወትር የምታስተምረው ምግባር ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ ተላላፊ ሆኖ ሕፃኑ በለይቶ ማከሚያ ክፍል ሲተኛ፣ ጥየቃው ራሱ ሥርዓት ይሻል። ይህ ሥርዓት በቅጡ ሳይገለጽላቸው የቀሩ ወላጆች «ልጄን ከለከሉኝ» ብለው ያዝናሉ፤ ሕክምናው ሳይፈጸም ልጃቸውን ይዘው ለመውጣት የሚነሡም አሉ። ሕክምናው የተቋረጠበት ሕፃን ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል፤ ሕመሙም ወደ ወንድሞቹ፣ ወደ እኅቶቹና ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ስለዚህ ጋውኑ፣ ጓንቱና ማስኩ ወላጅ በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ የተዘጋጁ መሆናቸውን ማስረዳት የካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላትም ተግባር ነው።

ለምን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሰጥም?

የሚለበሰው የሚወሰነው ሕመሙ በሚተላለፍበት መንገድ ነው። ኮሌራ በሰገራና በትውከት በተበከለ ውኃ፣ ምግብና እጅ ስለሚተላለፍ፣ ለአስታማሚው ጓንትና ጋውን፣ ከሁሉም በላይ በሳሙና መታጠብ ያስፈልገዋል። ትክትክ፣ ዲፍቴሪያና የማጅራት ገትር በሳልና በማስነጠስ በሚፈናጠር ጠብታ ስለሚተላለፉ በሕክምና ማስክ ይከለከላሉ። ኩፍኝና የሳምባ ነቀርሳ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የኩፍኝ ተሕዋስ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለእነዚህ ኤን-95 የተባለው፣ ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶችን የሚያጣራው ማስክ ይመረጣል።

ባለሙያው ወላጁን «ኩፍኝ ይዞህ ያውቃልን? ተከትበሃልን?» ብሎ ቢጠይቅ ቅር ሊያሰኝ አይገባም፤ ሕመሙ የያዘው ወይም ክትባቱን በሚገባ የወሰደ ሰው ገብቶ ለማስታመም የተሻለ ነውና። ሕፃናት የሳምባ ነቀርሳ የሚይዛቸው ብዙ ጊዜ አብሯቸው ከሚኖር ዐዋቂ ስለሆነ፣ ወላጁ ራሱ እንዲመረመርና ማስክ እንዲያደርግ ቢታዘዝ፣ ሌሎችን ለመጠበቅ የሚደረግ መሆኑን እንረዳ።

አለባበስና አወላለቅ

ከመግባት በፊት ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይወልቃሉ፤ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ከዚያ ጋውኑ ይለበስና ከኋላ ይታሰራል፤ ማስኩ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ሥር ይሸፍናል፤ ከታዘዘ የዐይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፤ በመጨረሻ ጓንቱ የጋውኑን እጅጌ ጫፍ ሸፍኖ ይጠለቃል። በክፍሉ ውስጥ ፊትን መንካት፣ ስልክ ማውጣት፣ መብላትና መጠጣት አይገባም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ማውለቁ ነው፤ የልብሱ ውጫዊ ገጽ እንደ ተበከለ ይቆጠራልና። ጓንቱ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ይወልቃል፤ ወዲያውም እጅ ይጸዳል። ቀጥሎ መነጽሩ፣ ከዚያም ጋውኑ ውስጡ ወደ ውጭ እየተጠቀለለ ይወልቃል። ማስኩ በመጨረሻ ማሰሪያው ብቻ ተይዞ ይወጣል፤ ኤን-95 ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ ወጥተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከሁሉም በኋላ እጅ በድጋሚ ይታጠባል። ለአንድ ጊዜ የተሠራ ጓንት ታጥቦ ዳግመኛ አይጠለቅም፤ ወደ ቤትም አይወሰድም።

ነጠላ፣ ማዕተብና ጢም

እናቶች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ መሸፈናቸው የተለመደ ነው። ሆኖም ነጠላ ስስ ሽመና ስለሆነ ማስክን አይተካም፤ ጫፉም አልጋውንና ወለሉን ነክቶ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ምናልባትም ሌላው ልጅ ይታቀፍበታል። ስለዚህ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። ማዕተብ ከጋውኑ ሥር ሊሆን ይችላል።

ካህናት አባቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኤን-95 የሚጠብቀው ጠርዙ ከፊት ቆዳ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ጢም ካለ አየሩ በጎን ስለሚገባ ማስኩ የታሰበውን አገልግሎት አይሰጥም። ስለዚህ የንስሐ አባት ኩፍኝ ወይም የሳምባ ነቀርሳ ወዳለበት ክፍል ከመግባቱ በፊት ባለሙያውን ያማክር፤ በመስኮት በኩል ወይም በስልክ ጸሎት ማድረስም ይቻላል። የእጅ መስቀል ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሳይጸዳ አይሻገር። ጠበልም ቢሆን ለሕፃኑ ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ ይወቀው።

ሕፃኑ እንዳይደነግጥ

ፊቱ የተሸፈነ ሰው ለሕፃን ያስፈራል። እናት ወይም አባት የሚቻል ከሆነ ማስኩን ከማድረጋቸው በፊት በመስኮት ፊታቸውን ያሳዩት፤ ሲገቡም በቤት ስሙ ይጥሩት። ድምፅን ያውቃል። በጓንት የተሸፈነ እጅም ቢሆን ሊይዘውና ሊዳብሰው ይችላል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በአቅራቢያ ካለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ የጎደለውን ይጠይቅ፤ ሳይጠይቁ ማስክ ከመግዛት ሳሙና፣ በረኪና ወይም ውኃ ማቅረብ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአስታማሚው ወላጅ ስንቅና የስልክ ካርድ፣ በቤት ለቀሩት ልጆች ደግሞ ጠባቂ ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ማኅበሩና ዕድሩ በጅምላ ወደ ሆስፒታል እንዳይሄዱ፣ አንድ ተወካይ ብቻ እንዲጠይቅ በዐውደ ምሕረት ይነገር። አራተኛ፣ የ9 እና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ያልወሰዱ ሕፃናት እንዲከተቡ በየቀጣናው ይከታተል።

ኮሌራ ብዙ ጊዜ ከዝናብና ከጎርፍ ጋር ስለሚስፋፋ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ክረምት ሳይገባ ይህን ሥራ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎችን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቢመርጥና አለባበሱንና አወላለቁን ከጤና ባለሙያ እንዲማሩ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን።