የቧንቧ መገጣጠሚያ፦ ብየዳው ወይስ በእጅ የሚጠብቀው?

መርሳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ከቆጣሪው ወዲያ የሚፈሰውን ውኃ ሁሉ ከኪሱ ይከፍላልና፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ ምርጫ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ፒፒአር የተባለው ፕላስቲክ ቧንቧ እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል ማሽን ይበየዳል፤ 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሴኮንድ ያህል ይሞቃል። መገጣጠሚያው ርካሽ ነው፣ ሙቅ ውኃም ይችላል። ዳሩ ግን ማሽኑ መብራት ይሻል፤ ሰሜን ወሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ ለወራት መብራት ያጣ አካባቢ ነው። የተበላሸ ብየዳም አይፈታም፣ ተቆርጦ ይጣላል።

የጥቁሩ ፖሊኤትሊን ቧንቧ መገጣጠሚያ በአንጻሩ በጎማ ቀለበት ውኃውን ይዞ በእጅ ይጠብቃል። ዋጋው ከፍ ቢልም ተፈትቶ ዳግም ይገጠማል፤ ለሙቅ ውኃ ግን አይሆንም። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ቢበየድ፣ የግቢው ደግሞ በእጅ ቢጠብቅ ያዋጣል። ግድግዳው ሳይለሰን ግን መስመሩ ውኃ ተሞልቶ ሊፈተሽ ይገባል።