የገበያ ቀን ስም ያላቸው ከተሞች፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለእንግዳ መንገደኛ

ከባሕር ዳር ተነስቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሐሙሲት ይደርሳል። ጉናን አልፎ፣ ነፋስ መውጫ ደርሶ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ታች ጋይንት ለሚታጠፍ ደግሞ አርብ ገበያ ትጠብቀዋለች። አንዷ ስሟን ከሐሙስ፣ ሌላዋ ከአርብ ወሰደች። ሁለቱም ከተማ ከመባላቸው በፊት ገበያ ነበሩ፤ መንገዱም ቤቱም የመጣው ገበያውን ተከትሎ ነው።

ለእንግዳ ሰው ከዚህ የበለጠ መመሪያ የለም። በምሥራቁ የደቡብ ጎንደር ክፍል መኪና የሚበዛውና የሚጠፋው፣ የገጠሩ መንገድ በሰውና በአህያ የሚሞላውና ጭር የሚለው የገበያ ቀንን ተከትሎ ነው። የገበያውን ቀን የጠየቀ መንገደኛ የጉዞውን ግማሽ አቃለለ ማለት ነው።

ይህን ምድር ብዙ ሰው ያየዋል፣ ጥቂት ሰው ይረግጠዋል። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ጎብኚ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ነፋስ መውጫ ላይ ቡና ጠጥቶ፣ ብርዱን አማርሮ፣ መንገዱን ይቀጥላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቁልቁል የተኛውን አገር ግን በመስኮት ብቻ አይቶት ያልፋል። ይህ ጽሑፍ መስኮቱን ትቶ ለመውረድ ለሚያስብ ሰው ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

የዚህ አካባቢ ራስ ጉና ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ ሁለቱም ወደ ጣና ይፈስሳሉ። ከጉና ወደ ምሥራቅ ረጅም የደጋ ጀርባ ተዘርግቷል። በዚህ ጀርባ ላይ የዘነበ ዝናብ በሰሜን በኩል ከወረደ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ በኩል ከወረደ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ይሄዳል። ዋናው መንገድ የሚጓዘው ይህንኑ የውሃ መለያ ተከትሎ ነው። ጀርባውን የያዘ መንገድ ትልልቅ ወንዞችን መሻገር አይጠበቅበትም። ከጀርባው የወረደ መንገድ ግን ወዲያው ዳገትና ቁልቁለት ይሆናል።

ወረዳዎቹን ለመለየት ዋና ከተሞቻቸውን መያዝ ይበቃል። የላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የምሥራቅ እስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። የአገሬው ሰው ብዙ ጊዜ የወረዳውን ስም ለከተማው ይሰጣል፤ መናኸሪያ ውስጥ «እስቴ! እስቴ!» ብሎ የሚጣራ ረዳት ወደ መካነ ኢየሱስ ለመጫን ነው።

ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው በሩ ሁለት ነው። አንደኛው የጋይንት በር ነው፦ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ነፋስ መውጫ። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው የእስቴ በር ነው፦ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ በአንበሳሜ በኩል መካነ ኢየሱስ መግባት፣ ከዚያም ወደ ስማዳ መቀጠል። በአንደኛው ገብቶ በሁለተኛው የወጣ ሰው ጉናን ከሁለት ወገን ያየዋል።

ኪሎ ሜትሩ ግን ያታልላል። የጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን ከወይና ደጋ ተነስቶ ውርጭ የሚወርድበት አገር መግባት ነው። ስሙን የሰጠው ነፋስ እውነተኛ ነፋስ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ማለት፣ ውሃ መጠጣት፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ መያዝ ከራስ ምታትም ከብርድም ያድናል።

ሁለት መንገድ ሠሪዎች

በጋይንት ደጋ ላይ መንኮራኩር ያለው ነገር እንዲያልፍ መጀመሪያ የደከሙት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም መግቢያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሱ በጋፋት ያሠሯቸውን መድፎች ይዘው ነበር። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። በጋሪ ተጭኖ፣ በብዙ መቶ ሰው እየተጎተተ፣ በዚህ ጀርባ ላይ አለፈ። ከፊቱ መንገድ አልነበረም። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተቆረሰ መንገዱ ከመድፉ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ እንዳዩ ጽፈዋል። የጨጨሆን አቀበት ተሻግረው፣ የዋድላን ሜዳና የጅጣን ሸለቆ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጉዞ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሠሪ ከሩቅ መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ድጋፍ ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጀመረ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በደርግ ዘመን ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ያኔ ጠጠር ነበር፣ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ጨጨሆ ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ የሚያይ ተጓዥ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስጎተቱበትን አቀበትና ቻይናውያን በማሽን የቀደዱትን አቀበት በአንድ ዓይን ያያል። ሁለቱም ያንኑ ጀርባ መረጡ፤ ተራራው ሌላ ምርጫ አልሰጣቸውም።

በምን ይኬዳል?

በዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስና አውቶቡስ አለ። ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ለማግኘት በጠዋት መገኘት ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት የደረሰ ሰው ይመርጣል፣ 4 ሰዓት የደረሰ ሰው የተረፈውን ይሳፈራል። መኪናው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ይነሳል። ከቀትር በኋላ መኪና ይሳሳል፣ ከመሸ ደግሞ ጭራሽ መጓዝ አይገባም።

ከዋናው መንገድ ሲወጣ ሥራው የቅጥቅጥና የአይሱዙ ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ወደ ገበያው፣ ከሰዓት በኋላ ከገበያው ይጎርፋሉ። ከገበያው ቀን ውጭ ያው መንገድ ላይ ግማሽ ቀን መቆም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ብልሁ ተጓዥ በገበያው ዋዜማ ገብቶ ያድራል፣ በገበያው ማግስት ወይም በዚያው ቀን ከሰዓት ከተመላሹ ጋር ይወጣል። በከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ፤ ከከተማ ወጣ ላለ ቀበሌ ሞተር ብስክሌት ይገኛል።

ዋጋውን ከመሳፈር በፊት፣ ከረዳቱ በፊት ደግሞ አጠገብ የቆመውን መንገደኛ መጠየቅ ይበጃል። «እናቴ፣ እስከ ወገዳ ስንት ነው የምንከፍለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዋጋውን ብቻ አያገኝም፤ የሚወርድበት ቦታ ሲደርስ የሚቀሰቅሰው ዘመድም ያገኛል። ዝርዝር ብር መያዝም አይዘንጋ፤ የገጠር ከተማ ባንክ ቢኖረውም ኔትወርክ ሲጠፋ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያናግራል።

ገበያው ራሱ ለእንግዳ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ቤት ነው። የደጋው ሰው ገብስ፣ ድንችና በግ ይዞ ይመጣል፤ የቆላው ሰው ጤፍና ማሽላ ያመጣል። ሁለት የአየር ጠባይ፣ ሁለት ዓይነት አዝመራ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ቀበሌው የት እንደሆነ፣ መንገዱ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ በዚያ ሜዳ የማያውቅ ሰው የለም። አርብ ገበያ ላይ የሚውል እንግዳ ግን አርብ የጾም ቀን መሆኑን ያስብ፤ ገበታው ሽሮና በያይነቱ ነው።

በእግርና በበቅሎ

መኪና የሚቆምበት ቦታ የአገሩ መጨረሻ አይደለም። ስማዳ በደቡብ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዞቹ ከጎጃምና ከወሎ ይለዩታል። ቁልቁለቱን የሚያውቀው እግርና በቅሎ ነው። በቅሎ የሚከራይ ሰው ባለቤቱንም አብሮ መንገድ መሪ አድርጎ መውሰድ አለበት። አቀበቱን በበቅሎ መውጣት ያስደስታል፤ ጠባቡ ቁልቁለት ሲመጣ ግን ወርዶ በእግር መሄድ ለበቅሎዋም ለሰውም ይሻላል።

ርቀት ሲጠይቁ ኪሎ ሜትር አይጠይቁ። ገበሬ «እዚያው ነው፣ ከዚያች ጋራ ወዲያ» ቢል አልዋሸም፤ ለሱ ቅርብ ነው። የሚረዳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ደርሶ መልስ ነው ወይስ ያሳድራል?» መልሱ በትክክል ይመጣል። እሱ በሦስት ሰዓት የሚሄደውን እንግዳ በአምስት እንደሚሄድ ደግሞ ራስዎ ይጨምሩበት።

በዚህ ምድር በእግር መጓዝን ወደ ትምህርት የለወጡት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። የድጓ ዜማ አራት የታወቁ ስልቶች አሉት፦ ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አካባቢ ነው። ቤተ ልሔም በጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስ በእስቴ ይገኛሉ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የድጓ መምህር ሊሆን የሚወድ ተማሪ ከየትም አገር ተነስቶ በእግሩ ይመጣባታል። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ የደረሰ ሰው ስንት ዘመን ተቀምጦባታል።

ቤተ ልሔም ለሌላ ነገርም ትታወቃለች። ከውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ይመስል የነበረው ሕንፃ በውስጡ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ የአክሱምን የአሠራር ፈለግ የያዘ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሸሽጎ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ተጓዥ በበቅሎ ደርሶ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈ። ካህናቱና ተማሪዎቹ ግን ሁልጊዜም ያውቁት ነበር። ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ የአፄ ሱስንዮስ ባለቤት የእቴጌ ወልድ ሰዓላ ደብር ነው።

ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄድ ሰው ካህን ሳይጠይቅ አይግባ፣ ጫማውን ያውልቅ፣ ቅዳሴ ላይ ከደረሰ ይጠብቅ፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ያስፈቅድ።

የእግዜር እንግዳ

በገጠሩ ሆቴል የለም፤ እንግድነት አለ። መሽቶበት ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው መመለስ ነውር ነው። ይህ ቃል ግን ዕዳም አለው። እንግዳ እንጀራው ጥቂት መሆኑን እያየ አይጎርስም፣ ከቤቱ አባት በፊት አይነሳም፣ ሲሄድ ስኳር፣ ቡና ወይም ሳሙና ለእናትየዋ ያኖራል። ገንዘብ እጅ ላይ ማኖር ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ቡና ግን ማንንም አያስቀይምም። መንገድ ላይ የሚያገኙትን ሁሉ ሳይሳለሙ ማለፍም አይሆንም። «እንደምን ዋላችሁ» ተብሎ፣ «እግዜር ይመስገን» ተመልሶ፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ተናግሮ ማለፍ ወግ ብቻ ሳይሆን ደኅንነትም ነው፤ ማን እንደሆኑ ያወቀ አገር ይጠብቃል።

ለጉዞው የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ አዝመራው ቢጫ የሚሆንበት፣ አጨዳና ውቂያ የሚውልበት፣ መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ። ክረምት ጭቃውና የጉና ጭጋግ መኪናን ያስቆማሉ፣ ጅረቶች መንገድ ይቆርጣሉ።

ከወቅቱ ይልቅ ግን ሰላሙን መጠየቅ ይቀድማል። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም በጦርነት ተይዛ ብዙ ግፍ አይታለች፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህም የክልሉ ግጭት ብዙ መንገዶችን አዘግቷል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው የአገሬውን ሰው ሳይጠይቅ፣ ዛሬ መኪና እንደሚያልፍ ሳያረጋግጥ መነሳት የለበትም። የተዘጋ መንገድ የሚጎዳው ከጎብኚው ይልቅ ድንቹን ተሸክሞ ገበያ ያልደረሰውን ገበሬ ነው።

መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አርብ ገበያ ግቡና እደሩ። ማለዳ ወጥታችሁ ከከተማው ዳር ቁሙ። ከየጋራው ቀጭን መስመር እየሠራ የሚመጣውን ሰው፣ አህያና በግ ታያላችሁ፤ ካርታ ላይ የማይገኙት መንገዶች ሁሉ በዚያች ጠዋት ይታያሉ። የሚወስዳችሁን መርጣችሁ ከሰዓት ከተመላሾቹ ጋር ጉዞ ጀምሩ።