የሞተሩን ሕመም ከመፍታታት በፊት

በባሕር ዳርም ሆነ በደራ ወረዳዋ አንበሳሜ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ናቸው። ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ ግን ፒስተንና ፋሻ ለመቀየር መጣደፍ ያለጥቅም ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል። አስቀድመን ሦስት ነገሮችን እንመርምር፤ ግፊትን፣ የእሳት ብልጭታን፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቅን።

ካንዴላውን ፈትተን ቀለሙን እንመልከት። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤናማ ነው። በዘይት ከራሰ የሞተር ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። በደረቅ ጥላሸት ከተሸፈነ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ተፈጥሮ ይገባበታል። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። 1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ዘንድ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔውም የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መተካት እንጂ ፒስተን መቀየር አይደለም።

ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረን ዳግም እንለካ። ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖታልና። ካልተለወጠ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን እንጠርጥር።

በመጨረሻም፣ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይንሰራፋል። ከሰል በሚነድበት ቤት ሞተር መፍታት ንብረትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን ያስከፍላል።