ሉልና ዛጎሉ

ሉል ሲባል በነገሥታት ዘውድና በወይዛዝርት አንገት ላይ የሚያበራው ክብ ጌጥ ይታወሳችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሉል እንደ ወርቅ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን አይደለም፤ ከባሕር እንስሳ አካል ውስጥ የሚገኝ ነው። ይህ እንስሳ አጥንት የሌለው፣ ሥጋው የለሰለሰ ሲሆን፣ ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በቀይ ባሕር፣ በተለይም በምጽዋ አንጻር በሚገኙት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ጠላቂዎች ለብዙ ዘመን ሲለቅሙት ኖረዋል።

ዛጎሉን የሚሠራው እንስሳው ራሱ ነው። ሥጋውን እንደ ካባ የሚሸፍነው ስስ አካል ከባሕሩ ውሃ በሚያገኘው ካልሲየም እየተጠቀመ ዛጎሉን በሦስት ንጣፍ ይገነባል። የላይኛው ንጣፍ እንደ ቀንድ ያለ ስስ ልባስ ነው። በመካከለኛው ንጣፍ ጥቃቅን ዐምዶች ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። የውስጠኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ከመቶው 95 እጅ ያህሉ እንደ ኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆንም፣ ዝርግ ቅንጣቶቹ እንደ ጡብ ተደርድረው በፕሮቲን ተጣብቀዋል። የአንዱ ቅንጣት ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር 2000ኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስንጥቅ ቢጀምር በጡቦቹ መካከል እየተጠማዘዘ ኀይሉ ስለሚደክም ዛጎሉ በቀላሉ አይሰበርም። ብርሃንም ከነዚህ ስስ ድርድሮች ተመልሶ እርስ በርሱ ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይደምቃል፤ ሌላው ይደበዝዛል። ስለዚህ ዛጎሉን ብታዘነብሉት፣ በሳሙና አረፋ ላይ እንደምታዩት፣ ኅብረ ቀለሙ ይለዋወጣል።

ብዙ ሰዎች ሉል በአሸዋ ቅንጣት ላይ ይበቅላል ይላሉ። ይህ ግን ከስንት አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥገኛ ትል ሲገባ ወይም ካባው ሲቆስል የካባው ሴሎች ወደ ሥጋው ገብተው ትንሽ ከረጢት ይሠራሉ። ከረጢቱም ያንኑ የዛጎሉን ውስጠኛ ንጣፍ ደጋግሞ ይደርባል። እንግዲህ ሉል ማለት በቁስል ዙሪያ የተሠራ ዛጎል ማለት ነው።

ቁስሉ የሚገኘው በጥቂቶቹ ብቻ በመሆኑ፣ ቀድሞ አንድ ጥሩ ሉል ለማግኘት እጅግ ብዙ ዛጎሎች ተከፍተው እንስሳቱ ያልቁ ነበር። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 ግማሽ ክብ ሉል በእርባታ ካገኘ በኋላ ግን ሥራው እየተስፋፋ ሄዷል። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ሉል ከእርባታ የሚገኝ ነው። ሉል ስታዩ እንግዲህ ለእኛ ጌጥ የሆነው ነገር ለእንስሳው የቁስል መከላከያ እንደ ነበረ አስቡ።

መልመጃ
1. ዛጎሉና የኖራ ድንጋይ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. የሉልን አሠራር በቅደም ተከተል በአንድ አንቀጽ ግለጹ።