የቅጽበት ፍጥነት

ጥር 23 ቀን እንጅባራ (ኮሶበር) ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አንድ ፈረስ በሜዳው ላይ ሽምጥ ጋለበ እንበል። 200 ሜትሩን በ16 ሰከንድ ከጨረሰው አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 12.5 ሜትር ነው። ዳሩ ግን ሲነሳ ዝግ ብሎ ነበር፤ መሐል ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ በርሯል። ታዲያ ልክ በፊታችን ሲያልፍ ፍጥነቱ ስንት ነበር? ቅጽበት ርዝመት የለውም፤ በቅጽበት የሚኬድ ርቀትም የለም። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም።

በየቅጽበቱ የሚለዋወጥን ፍጥነት ካጠኑት አንዱ ጋሊሊዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 ለወዳጁ ለፓኦሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት የሚጨምረው በወደቀው ርቀት ልክ ነው ብሎ ነበር። ስህተት ነበር። በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን አርሞ ቀረበ፦ ፍጥነት የሚጨምረው በጊዜ ልክ ነው። የነሐስ ኳስ በተዳፋት ቦይ ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን ከቀጭን ቧንቧ በሚፈስ ውኃ ክብደት መለካቱንም ገለጸ።

የቅጽበቱን ቋጠሮ የፈቱት ኒውተንና ሌብኒዝ ናቸው፤ አንዱ በ1665 እና 1666 ወረርሽኝ ካምብሪጅን ባዘጋበት ወቅት ጀምሮ፣ ሌላው ለብቻው ደርሶበት በ1684 በማሳተም። ካልኩለስ የተባለውን ዘዴያቸውን በሚወድቅ ድንጋይ እንየው። በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ በድምሩ 19.6 ሜትር ይወርዳል። ከ1ኛው እስከ 2ኛው ሰከንድ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 14.7 ሜትር ነው። ከ1ኛው ሰከንድ የሚጀምረውን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብናሳጥረው 10.29፣ ወደ አንድ መቶኛ ብናሳጥረው 9.849 ይሆናል። ቁጥሩ ወደ 9.8 እየተጠጋ ይሄዳል፤ ልክ 1ኛው ሰከንድ ሲሞላ ያለው የቅጽበት ፍጥነት ይኸው ነው። ዜሮን ለዜሮ ማንም አላካፈለም፤ መልሱ የተገኘው ቁጥሮቹ ወዴት እንደሚያመሩ በማየት ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኒውተን በ1687 የእንቅስቃሴ ሕጎቹን ሲያሳትም ማረጋገጫዎቹን በአብዛኛው በጂኦሜትሪ ሥዕል አቀረበ። ዛሬ የምንሸመድደው ቀመር፣ ማለትም ጉልበት የመጠነ ቁስና የሽምጠጣ ብዜት ነው የሚለው፣ በዚያ መልኩ በመጽሐፉ የለም። በ1700 አካባቢ የሒሳብ ሊቁ ፒየር ቫሪኞ ፓሪስ ላይ የሌብኒዝን ካልኩለስ ለፍጥነትና ለጉልበት ተጠቀመበት። ሊዮናርድ ኦይለር በ1736 መላውን መካኒክስ በካልኩለስ ጻፈ፤ በ1750 ደግሞ ለበርሊን አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ሕጉን በሦስት አቅጣጫ ለእያንዳንዱ ቅንጣት አሰፈረው። «አዲስ መርሕ» ያለውም ይህንኑ ነው።

አዲስነቱ የት ላይ ነው? ሕጉ ስለ አንድ ቅጽበት ብቻ ይናገራል፦ አሁን ያለው ጉልበት፣ አሁን ፍጥነቱን በምን ያህል ይለውጠዋል? ካልኩለስ ቅጽበቶቹን ደምሮ ሙሉውን ጉዞ ያወጣል። ጉልበቱ የማይለዋወጥ ከሆነ አንዴ ሲደመር የፍጥነቱ፣ ሁለቴ ሲደመር የርቀቱ ቀመር ይገኛል። ተማሪ ለየፈተናው የሚሸመድዳቸው እነዚህ የእንቅስቃሴ ቀመሮች የዚህ የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው። የአየር ተቃውሞ ገብቶ ጉልበቱ ሲለዋወጥ እነዚያ ቀመሮች አይሠሩም፤ ሕጉ ግን ይሠራል።

ስለዚህ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የኮሶበር ልጅ ካልኩለስን በሒሳብ ክፍል፣ የእንቅስቃሴ ሕግን በፊዚክስ ክፍል ለየብቻ ይዞ መቅረት የለበትም። ሁለቱን ለማገናኘት ታላላቆቹ ከ60 ዓመት በላይ ደክመዋል፤ ለእርሱ ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ላይ ሊሰጡት ይገባል።