አንድ ቤት፣ ሁለት የአረብኛ ተማሪዎች

ሙስካት ውስጥ፣ ቦሸርም ሆነ ሲብ፣ ኢትዮጵያዊት ሞግዚት በተቀጠረችበት ቤት ሁለት ሰዎች አረብኛን ባንድ ጊዜ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ሕፃኑና ሞግዚቷ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው «እሄዳለሁ»ን፣ «ትሄጂያለሽ»ን፣ «ይሄዳል»ን በየመልካቸው ይናገራል። እሷ «አና ዪሩህ» ልትል ትችላለች፤ «እኔ ይሄዳል» እንደ ማለት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኞችና አሠሪዎች የሚግባቡበት አረብኛ እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ የግሥ መልክ ለሁሉም ይበቃዋል፣ አሉታው ደግሞ «ማፊ» ነው።

ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ አይመስለኝም። ሊባኖስ ውስጥ የስሪላንካ የቤት ሠራተኞችን አረብኛ ያጠኑት ፊዳ ቢዝሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ መጽሐፋቸው፣ የግሦቹ መነሻ ለሴት የሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑን አሳይተዋል፦ «ሩሂ»፣ «ጂቢ»፣ «ሹፊ»። ከማዳም አፍ የሚወጣው ሂጂ፣ አምጪ፣ ተመልከቺ ከሆነ፣ ሰዋስውም የሚሠራው ከዚያው ነው። ሕፃኑ ግን ተረትም፣ ጨዋታም፣ የትልልቆች ወሬም ይሰማል።

ከሚሰማው ውስጥ ሕጉን የሚያወጣው ራሱ ነው። ይህ ጀርመንኛ በሚማሩ ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። የሁለት ዓመት ልጅ «ሚልሽ ትሪንከን» ይላል፤ «ወተት መጠጣት»። ያልረባውን ግሥ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ያው ልጅ ግሡን ሲያረባ ግን፣ እንደ ትልልቆቹ፣ ከወተቱ በፊት ያመጣዋል። የግሥ መልክና ቦታ አብረው እንደሚሄዱ ማንም አላስረዳውም። አረብኛ የሚማሩ ልጆችም ሕግ ሲያወጡ በስህተታቸው ያስታውቃሉ፦ ፍልስጤማውያን ሕፃናት «ኣት» የሚለውን የብዙ ቁጥር መድረሻ ቀድመው ይይዙና በማይገባው ስም ላይ ሁሉ ይቀጥሉታል።

ስለዚህ «ልጄ የሞግዚቷን አረብኛ ይዞ ይቀራል» የሚል ስጋት ላለባት እናት ጥሩ ዜና አለ። አሜሪካ ውስጥ ሳይመን በሚል ስም የተጠና መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋን የተማረው ዘግይተው ከለመዱ፣ ብዙ ከሚሳሳቱ ወላጆቹ ነበር፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ሕጉን ከእነሱ በላይ ጠብቆ ይጠቀም ነበር። የሙስካቱ ልጅ ደግሞ እናት፣ አባት፣ አያትና የሰፈር ልጆች አሉት።

ሞግዚቷም ከትእዛዝ ውጭ የምታወራበት ሙሉ ቋንቋ አላት። ስታጥበውና ስታስተኛው በአማርኛ ብታወራው፣ ጊዜውም ከበቃ፣ ልጁ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፍ ሌላ ሰዋስው ይጨምራል፤ አረብኛውም አይጎድልበትም።